የጋሼ ካሜራ ክብደት

የቆዳ ማኅደሩ መቆለፊያ ዝጎ ስለነበር በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ክዳኑ ገና ሳይነሳ ሽታው ቀደመኝ፤ ያረጀ ቆዳ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ የፊክሰር ሽታ። ፊልም ማጠብ ከቀረ ዘመን ባለፈው የወረታ ቤት ውስጥ ሽታው እስከ ዛሬ መቆየቱ ገረመኝ። ቆዳው ጠጥቶት ኖሯል። የጋሼ እጅ ሁልጊዜ እንዲያ ይሸት ነበር፤ ዳቦ ሲቆርሱልኝም፣ ራሴን ሲዳብሱኝም። ካረፉ በኋላ ጋቢያቸው ላይ ፈልጌ ያጣሁትን ጠረን ከካሜራቸው ማኅደር አገኘሁት።

ካሜራው ባለ ሁለት ዓይኑ ያሺካ ማት ነው። የላይኛው ዓይን ለአንሺው ያሳያል፣ የታችኛው ለፊልሙ። ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ሳነሳው እጄ ክብደቱን ከእኔ በፊት አስታወሰው፤ ቀኝ ትከሻዬም አብሮ አስታወሰ። ማዕዘኖቹ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። ከታች በኩል ታሪኩን የማውቀው አንድ ጎድጓዳ አለ። በጎኑ ያለችውን እጀታ አዙሬ መለስኳትና ቁልፉን ተጫንኩ። “ጢቅ” አለ። ፍጥነቱን ወደ 1 ሰከንድ ዝቅ አድርጌ ደገምኩት፤ እዚያ ላይ ትንሽ ዘግየት አለ፣ ግን ተከፍቶ ተዘጋ። ባትሪ የለውም። ዘይት የቀባው ሰው የለም። በመካከሉ መንግሥት ተለውጧል፣ ሜዳው ከግጦሽ ወደ ሩዝ ዞሯል፣ ጋሼም አልፈዋል።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ፎቶ ቤታቸው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቻይናዎች ከሠሩት የወልድያ መንገድ መገንጠያ ብዙ ሳይርቅ ነበር። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ የእንጨት በር። ከውስጥ በጨርቅ ላይ የተሳለ የፋሲል ግንብ ተሰቅሏል፤ ሠዓሊው ከግንቡ ፊት ጣናን ከነታንኳው ጨምሮበታል። ከሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና ቋጠሮው የማይፈታ ክራባት ይንጠለጠላል። ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ወንድ ሁሉ ያን ይለብሳል፣ በክር በታሰረች ማበጠሪያ ፀጉሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ ትንፋሹን ይውጣል። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለማትሪክ፣ ለብሔራዊ ውትድርና፣ የዚያ ዘመን የወረታ ወጣት ያን ኮት ለብሶ ነው የተነሳው። ዛሬም የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ያን ኮት ካየሁ ፎቶው የጋሼ መሆኑን አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ልጆች ከጦር ሜዳ አልተመለሱም። ለእናቶቻቸው የቀራቸው ያ ጉርድ ፎቶ ነው።

እንጀራቸው ግን ከፎቶ ቤቱ ይልቅ ከሜዳው ነበር የሚመጣው። ጥር ሲገባ የሰርግ ጠሪ ከጅግና፣ ከሻጋ፣ ከዋገጠራ፣ ከናበጋ ይመጣል። ጋሼ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ እኔ ቦርሳውን አነግታለሁ። በቦርሳው ውስጥ ያሺካው አለ፤ ከሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ላይ የተሠራው ዜኒት ኢ አለ፣ እሱም ከነሌንሱ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ፤ ፍላሹ ከነባትሪ ድንጋዩ፣ በጣሳ የታሸገ ፊልም። የብረቱ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ደግሞ በሌላው ትከሻ ይታሰራል። ማንገቻው ሲሰረስረኝ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛውራለሁ። ጋሼ ዞር ብለው ያዩኛል። “አይዞህ ልጄ፣ ሲመለስ ፊልሙ ስላለቀ ይቀልልሃል” ይሉኝ ነበር። አምናቸው ነበር።

ወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ አቀበት የለውም፤ ሜዳነቱ ግን አያሳርፍም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ከጣና ጋር ይገናኙና መሬቱ በውሃ ይሸፈናል። ውሃው ሲሸሽ ዋልካው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ጓያውና ሽንብራው በዚያ እርጥበት ይበቅላል። ጥር ላይ ደርቆ ይሰነጠቅና እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። የጓያ አበባ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆኑት የፎገራ ላሞች በቅሪቱ ሣር ላይ ተሰማርተው፣ የሰርጉ ቤት ጭስ በሩቅ እየታየ፣ ሰዓታት ብንሄድ የማንደርስ ይመስለኝ ነበር። ሜዳ ላይ ርቀት ያታልላል።

ጎድጓዳው የተፈጠረው በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው። ጋሼ ካሜራውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ አንድ እግራቸው ስንጥቅ ውስጥ ገባ፣ በደረታቸው ተደፉ፣ ያሺካውም ከመሬት ብቅ ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጨ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጉልበታቸው እየደማ ተቀምጠው መጀመሪያ ያዩት ካሜራውን ነው። አቧራውን በእስትንፋሳቸው አራገፉ፣ እጀታዋን አዞሩ፣ ባዶውን አንድ ጊዜ አስነሱት። ከዚያ በኋላ ነው ጉልበታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያሰሩት። በዚያው ቀን ሙሽሪትን አነሱ፤ ፎቶው ጥርት ያለ ነበር።

ያሺካው ላይ የሚታየው ከላይ በኩል፣ ወደ ታች አንገት ደፍቶ ነው። ዛሬ ስልክ ሰው ፊት ላይ ተደቅኖ ሳይ ያ አንገት መድፋት ይታወሰኛል። ጋሼ ካሜራውን ሆዳቸው ላይ አስደግፈው ጎንበስ ሲሉ ሽማግሌዎቹም አጸፋውን ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። “እግዜር ይስጥልኝ” የሚሉም ነበሩ። የሚያነሳውና የሚነሳው ተከባብረው ነው ሥራው የሚጀመረው። የካሜራው ክብደትም በዚህ ጊዜ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ እጅ ያረጋል። በጎጆ ጨለማ ፍጥነቱን ወደ 1/30 እና ከዚያም በታች ሲያወርዱ ቀላል ዕቃ ከትንፋሽ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ከባዱ ግን ሆዳቸው ላይ ተኝቶ ጸጥ ይላል። ያሺካው ውስጥ እንደ ዜኒቱ ብድግ የሚል መስታወትም የለም።

የብርሃን መለኪያው መሥራት የተወ ነው። ጋሼ አልፈለጉትም። በጠራ ፀሐይ ቀዳዳው 16፣ ፍጥነቱ የፊልሙን ቁጥር የተጠጋ፤ ደመና ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ መክፈት፤ ከዋርካ ሥር ደግሞ ከዚያም በላይ። ይህን በቃላቸው ይዘውታል። እኔም ያዝኩት፤ እስከ ዛሬ የቀትር ፀሐይ ሳይ በአእምሮዬ ቁጥሩ ይመጣል።

ጋሼ ከባዱን ካሜራ የሚይዙት ሌላ ስላላገኙ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው ሂሳቡ የገባኝ። ያሺካው የሚጎርሰው ሰፊውን ፊልም ነው፤ አንዱ ጥቅል 12 ፎቶ ያወጣል፣ እያንዳንዱ ኔጌቲቭ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል የሰፋ ኔጌቲቭ ማጉያ መሣሪያ አያስፈልገውም። ወረቀቱ ላይ ያስተኙታል፣ መስታወት ይጭኑበታል፣ መብራት ያሳዩታል፤ ኔጌቲቩ ባለው ስፋት ፎቶ ይወጣል፣ ተቆርጦም ለመታወቂያ ይበቃል። የዜኒቱ ኔጌቲቭ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያለ ማጉያ የሰው ፊት አይለይበትም፣ ማጉያ ደግሞ የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። ጋሼ ለጨለማ ክፍላቸው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ ባትሪ፣ ለማተሚያው ያልተጠቀለለ ሌላ የእጅ ባትሪ ነበራቸው። ፋብሪካቸው ይኸው ነው። ፊልሙ ታጥቦ እስኪያበቃ በጨለማ ሰዓት ስለማይታይ “አባታችን ሆይ”ን ስንት ጊዜ እንደሚደግሙ ያውቁ ነበር። ከበሩ ውጭ ቆሜ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ ጸሎቱ ሲቆም ውሃ ይዤ እገባለሁ።

ካሜራው ሲበላሽ ደግሞ ከገበያው አጠገብ ከነበረው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይሄዳል። ሰዓት ሠሪው ካሜራ ተምሮ አያውቅም። ግን ውስጡ ጥርስ፣ ሞላና ብሎን ነው፤ እሱም የሚያውቀው እነዚህን ነው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ያወጣውን ብሎን በቅደም ተከተል በጋዜጣ ላይ እየደረደረ፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ይገጥመዋል። ባሕር ዳር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጎንደር የዚያ እጥፍ። የወረታ ካሜራ ወረታ ላይ መዳን ነበረበት።

ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ያስጀመሩትን የጅግናን ሩዝ ለመጎብኘት ባለሥልጣናት ከአዲስ አበባ በመጡበት ዓመት አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ አብሯቸው መጣ። በአንገቱ ሁለት ኒኮን ኤፍ 2 አንጠልጥሏል። ጋሼ ከሩቅ ሆነው ሲመለከቱት ቆዩና ሰውየው ሻይ ሲጠጣ ቀረቡ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ አንዱን አውልቆ ሰጣቸው።

“ይያዙት ጋሼ፣ አይሰበርም።”

ጋሼ አገላበጡት። ጥቁሩ ቀለም አልቆ ጠርዙ ላይ ነሐሱ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

“ሲበላሽ ማን ይሠራልሃል?”

“አዲስ አበባ ሠሪ አለን። እስኪሠራ ሌላ ይሰጡኛል።”

“ሁለተኛው ለዚያ ነዋ።”

“አዎ። ግን ጋሼ፣ አንገቴን ጨረሰኝ።” ሰውየው አንገቱን በእጁ አሸ። ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ የሞላው አይመስለኝም።

ያ ካሜራ የራሱ ታሪክ ነበረው። ኒኮን ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ተከታዩ ኤፍ 2 በ1971 ወጡ፤ የጦርነትና የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚመካባቸው መሣሪያዎች ሆኑ። እንግሊዛዊው የጦርነት ፎቶ አንሺ ዶን መከሊን ካምቦዲያ ውስጥ ለእሱ የመጣች ጥይት ኒኮን ኤፉ ላይ አርፋ ቀርታለች። የኤፍ 2 አካል ያለ ሌንስ ከ700 ግራም በላይ ነው። አናቱ ነሐስ፣ ዓይኑ ድፍን የመስታወት ፕሪዝም፣ ሆዱ በብረት ጥርሶች የተሞላ ነው። ክብደቱ ጌጥ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ግራም ከመውደቅ፣ ከአቧራና ከዝናብ የሚመጣን አንድ ጉዳት ለመቋቋም የገባ ነው። ሁለት አካል፣ ሦስት ሌንስና ፊልም ሲደመር ግን ሰውን የሚያጎብጥ ሸክም ይሆናል።

የሚያጎብጠውን ሸክም ለማቃለል የደከሙም ነበሩ። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ አስም ነበረበት፤ የመስታወት ሰሌዳ የሚጎርሰውን ትልቅ ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ሲያቅተው በሲኒማ ፊልም የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ሠራ፣ እሱም ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ዋለ። የእኛም አገር ፎቶግራፍ በትልቁ ካሜራ ነው የጀመረው። ከምኒልክ ዘመን አንስቶ ለቤተ መንግሥቱ ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና በኋላም ልጆቻቸው ሰውን ወደ ካሜራው አቅርበው ነው የሚያነሱት፤ ካሜራው ወደ ሰው አይሄድም። ጃፓናዊው ዮሺሂሳ ማይታኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የኦሊምፐስን ኦኤም 1 ይዞ ሲመጣ ሙሉ የባለሙያ ካሜራ ወደ 500 ግራም አወረደው። ሰውየውን የማከብረው ብረቱን አሳስቶ ዕቃውን ስላላቀለለው ነው። ውስጡን እንደገና አሰበው፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ከአናቱ አንስቶ በሌንሱ ዙሪያ አደረገው፣ የመስታወቱን ብድግታ በአየር ትራስ አለዘበው። ባትሪው የብርሃን መለኪያውን ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ሲያልቅ ካሜራው መሥራቱን አያቆምም። ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ1982 ኤፍኤም 2ን ሲያወጣ 540 ግራም በሚመዝን አካል እስከ 1/4000 የሚደርስ ፍጥነት ያለ ምንም ባትሪ ሰጠ። በእኔ ፍርድ ከዚህ ሁሉ ለፎገራ የተሠራ የሚመስለው እሱ ነው። ጋሼ እጅ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ካሜራዎች ሌላ መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኒኮን ኤፍ 5 አካሉ ብቻ 1.2 ኪሎ ያህል ነው፣ የሚሠራውም በ8 ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነው። ጠንካራ ነው፣ ከባድም ነው፤ ግን ድንጋዩ ካለቀ አይነቃነቅም። የቀድሞዎቹ ክብደት ራስን የመቻል ክብደት ነበር፤ የዚህኛው ክብደት ጥንካሬን ከአቅራቢ ጋር አጣብቆ የያዘ ነው።

ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች የወሰኑት ውሳኔ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በአፖሎ ጉዞዎች የወሰዷቸውን ሃሰልብላድ ካሜራዎች የመመለሻውን ክብደት ለመቀነስ እዚያው ጥለው ፊልሙን ብቻ ይዘው መጡ። 12 ካሜራዎች ዛሬም ጨረቃ ላይ ናቸው። ያንን የሚያህል ትክክለኛና ውድ ዕቃ ትቶ ፊልሙን መምረጥ! ጋሼ ይህን በሬዲዮ ሰምተው እንደሆነ ብጠይቃቸው በወደድኩ። እኛ ግን ከዚህ በተቃራኒው ነው ያደረግነው፤ ካሜራውን ጠበቅን።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ቀለም መጣ። ሰርገኛው ጥቁርና ነጭ አልፈልግም ማለት ጀመረ። ፊልሙ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ይላካል፣ ታትሞ በፖስታ ይመለሳል። ጋሼም ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ፣ ፊልሙን በራሷ የምትጎትት፣ ፍላሿ አብሯት የተሠራ አንዲት የፕላስቲክ ካሜራ ገዙ። ኮት ኪስ ትገባለች። ቦርሳ ተሸካሚ አያስፈልጋትም፤ እኔም ያኔ ትልቅ ልጅ ሆኜ ነበር። ጋሼ እሷን ይዘው ሲወጡ እጃቸውን ምን ላይ እንደሚያሳርፉት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። የክብደቷን ነገር ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ሸክሙ አልጠፋም፣ ቦታ ለወጠ። ባሕር ዳር ያለው የማጠቢያ መሣሪያ፣ አውቶቡሱ፣ ባትሪ የሚሸጠው ሱቅ፣ ውስጧ ያለውን ሰሌዳ የሚያውቅ ሠሪ፣ ይህ ሁሉ የካሜራዋ አካል ነው። ጋሼ ደረታቸው ላይ ያልያዙትን ሌላ ሰው ይዞላቸዋል። ያ ሰው ሲታጣ ደግሞ ካሜራዋ ትቆማለች።

ግን እምዬን ያነሳቻት እሷ ናት።

አያቴ ናበጋ ነበር የምትኖረው፣ ከሐይቁ ዳር። ልጇ ፎቶ አንሺ ሆኖ እሷ አንድም ፎቶ አልነበራትም። በየበጋው ጋሼ ያሺካውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በየበጋው “መልኬን ወስደህ ምን ልታደርገው” ትላቸዋለች። በመጨረሻው ክረምት ታመመች። በሐምሌ፣ ርብ ሞልቶ፣ ሜዳው ውሃ ሆኖ ሳለ ሰው ላከች። “ያን ዕቃህን ይዘህ ና” የሚል ነበር መልእክቷ።

ጋሼ ያሺካውን ከማኅደሩ አወጡት። በር ላይ ቆመው ዝናቡን አዩ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፣ ከዚያ ወዲያ በደንገል ታንኳ ይኬዳል። ታንኳው ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንኳ ጭንቅ ነው። ካሜራው ውሃ ከገባ የቤቱ እንጀራ ገባ ማለት ነው። መልሰው አስገቡት። ትንሿን ካሜራ በላስቲክ ጠቅልለው ከሸሚዛቸው ሥር፣ ከቆዳቸው ጋር አደረጓት። አብሬያቸው ሄድኩ። ታንኳው ውስጥ ውሃ እስከ ወገባችን እየረጨን፣ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አላነሱም።

እምዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ማተቧን ከልብሷ በላይ አውጥታ፣ ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችን። ቤቱ ጨለማ ነበር፣ የእርጥብ ኩበት ጭስ ሞልቶታል። ጋሼ ትንሿን ካሜራ ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ ፊቷን አየሁት፤ ጎንበስ እስኪሉ ትጠብቃለች። ፍላሹ ብልጭ አለ።

“አለቀ?” አለች። “ይቺው ናት?”

“አለቀ እምዬ።”

“ትልቁን ለምን አላመጣኸውም?”

“ውሃው ሞልቷል።”

ዝም አለች። ከዚያ “ደህና አደረግህ፣ እሱን ጠብቀው” አለቻቸው። መስቀል ሳይደርስ አረፈች።

ካሜራዋም ብዙ አልቆየችም። ጋሼ እርጥበቱን ይመጥላት እንደሆነ ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ሩዝ በሞላው ጣሳ ውስጥ አስቀመጧት። በቀጣዩ ዓመት ፍላሿም ሹተሯም ቆመ። ሰዓት ሠሪው ከፍቷት አየና ዘጋት። “ጋሼ፣ ይህ የኔ ሥራ አይደለም” አላቸው። ባሕር ዳርም የሚሠራት አልተገኘም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከባዱ ካሜራ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ግን የእምዬን ቤት ደጃፍ በዚያ ክረምት ሊሻገር አልቻለም። ቀላሏ ተሻገረች፣ አንድ ነገር አድርጋ ሞተች። ለፎገራ ትክክለኛው ካሜራ የቱ ነው ቢሉኝ አሁንም ከባዱን እላለሁ፣ ምክንያቱም ቦታው መጠገንን እንጂ መተካትን አይችልም ነበር። የእምዬ ፎቶ የተሰቀለበትን የእናቴን ቤት ግድግዳ ሳይ ግን ክርክሬ ይላላል።

የጋሼ ኔጌቲቭ በሁለት የቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠ ነበር። ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ወረታ ላይ ቦታ ስላልነበረ ሣጥኖቹ ናበጋ፣ አክስቴ ቤት ሄዱ። ካሜራውን ግን ጋሼ ከራስጌያቸው አልለዩትም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ መጣ። ያ ዓመት ፎገራም፣ ሊቦ ከምከምም፣ ደንቢያም የሚረሱት አይደለም፤ ሺህዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። አክስቴ ልጆቿንና ከብቷን አወጣች፣ ሌላ ማውጣት አልቻለችም። ውሃው ሲሸሽ ሣጥኖቹ ተገኙ፣ ጭቃ ጠጥተዋል። ሰው ደግ አስቦ ኔጌቲቮቹን እንደተደራረቡ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። የፊልም ፊት ጄላቲን ነው፤ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ተደራርቦ ሲደርቅ ይጣበቃል። የዚያ ሁሉ ሰርግ፣ የዚያ ሁሉ ኮት የለበሰ ልጅ ምስል አንድ ድፍን ጡብ ሆነ። ጋሼ ጡቡን በእጃቸው ይዘው ብዙ ሰዓት ተቀመጡ፤ አላለቀሱም፣ አልተናገሩምም።

ማኅደሩን ዘግቼ ወደ ከተማው ስወጣ የማያት ሌላ ወረታ ናት። ባጃጁ፣ የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት፣ በየደጃፉ የተቆለለ የሩዝ ገለባ። ልጅ ሳለሁ ላሞቹ የሚሰማሩበት ግጦሽ ሩዝ ሆኗል። ሩዙ ብዙ ቤት አቁሟል፣ የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚሁ ነው፤ ቡራቡሬዎቹ የፎገራ ላሞች ግን እንደ ድሮው በመንጋ አይታዩም። የጋሼ ፎቶ ቤት የስልክ መሸጫ ሆኗል። ባለቤቱ ወጣት ነው፣ የፋሲልን ግንብ ሥዕል አያውቀውም። በእጁ ያለው ስልክ 200 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ባርናክም ማይታኒም የሚደነቁበት ነገር ነው። በውስጡ ስንት ሺህ ፎቶ እንዳለ ጠየቅኩት፣ ሳቀ። የቀድሞ ስልኩ ሲሰበር ያሉት ሁሉ እንደጠፉ ነገረኝ፤ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደ ቀን የተነሳውም አብሮ ጠፍቷል። ሳቁ እዚያ ላይ አቆመ።

የእምዬ ፎቶ ዛሬ ወደ ቀይ አዘንብሏል። የዚያ ዘመን የቀለም ፎቶ ማቅለሚያው በብርሃንና በሙቀት ይሸሻል፤ በጋሼ ጨለማ ክፍል የወጡት ጥቁርና ነጮቹ ግን ምስላቸው ብር ስለሆነ፣ በደንብ የታጠቡት አሁንም ጥቁራቸው ጥቁር ነው። ከግድግዳው አውርጄ ኮፒ አስደረግኩት፣ ዋናውንም ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አስቀመጥኩት። ነጠላዋ ሮዝ መስሏል፣ ማተቧ ግን አሁንም ይለያል።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር የነበሩ የፎቶ ቤት ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ካሜራውን ለጌጥ መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሣጥኑን ፈልጉ። ኔጌቲቭ ካለ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከላስቲክ አውጥታችሁ በንጹሕ የወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ አየር በሚያገኝና በማይሞቅ ክፍል አኑሩት። ጎርፍ ወይም ዝናብ ካገኘው እንደተደራረበ አታድርቁት፤ ገና እርጥብ እያለ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ በአንድ ለያዩትና በክር ላይ ስቀሉት። ፎቶውን ደግሞ ለሽማግሌዎች አሳዩ። ኮቱን ማን እንደለበሰው የሚያውቅ ሰው ዛሬ አለ፤ የነገራችሁን ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጻፉ።